አዲስ ሽጉጥ፣ ያልተፈተነ አደራ

የጦር መሣሪያ ርክክብ በየትኛውም አገር ተመሳሳይ መልክ አለው። ሣጥኖች ይደረደራሉ፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የፋብሪካ ቅባት ያልለቀቃቸው ሽጉጦች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። በማግስቱ ከእነዚያ ሽጉጦች አንዱ በአንድ ተራ ፖሊስ ወገብ ላይ ይታያል። ፖሊሱ ሽጉጡን አልመረጠውም፤ በዋጋው አልተከራከረም፤ የጨረታውን ሰነድም አላየም። ነፍሱን አስይዞ ሌሊት ለጥበቃ የሚወጣው ግን እርሱ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሽጉጡ ቢነክስ፣ ጥይት ቢከሽፍበት ወይም ከእጅ ወድቆ ቢተኩስ ጉዳዩ የአንድ ዕቃ ብልሽት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከመገዛቱ በፊት ማን ፈተነው? እንከኑ ሲታይ ማን ተናገረ? የተናገረውንስ ማን ሰማው? የአንድ ክፍለ ዘመን የሽጉጥ ታሪክ የሚያስተምረው አዲስ መሣሪያ በልጅነቱ እንከን ማሳየቱ የተለመደ መሆኑን ነው። ትልልቅ ስም ያላቸው ፋብሪካዎች ሁሉ ይህን አልፈውበታል። በአገሮችና በተቋማት መካከል ልዩነት የፈጠረው እንከኑ በወጣበት ቀን ያደረጉት ነገር ነው።

እንከኑ ከየት ይመጣል?

ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ብዙ ሥራ የሚሠራ መኪና ነው። ምላጩ ሲሳብ መርፌው የጥይቱን መቀስቀሻ ይመታል፤ ባሩዱ ይነድዳል፤ አረሩ በአፈሙዙ በኩል ሲወጣ አጸፋው የሽጉጡን የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ብረቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ባዶውን ቀለሃ ጎትቶ ይጥላል። ሞላው መልሶ ወደ ፊት ሲሰደው ደግሞ ቀጣዩን ጥይት ከካዝናው ገፍቶ ያጎርሳል። ይህ ሁሉ የሚሳካው የባሩዱ ጉልበት፣ የሞላው ጥንካሬና የተኳሹ ክንድ ጽናት ሲመጣጠኑ ነው።

በአዲስ ሽጉጥ ላይ ይህ ሚዛን በቀላሉ ይዛባል። ሞላው ገና አልላላም፤ ብረቱ ከብረት ጋር አልተላመደም፤ በማከማቻ ቤት እንዳይዝግ ተብሎ የተቀባው ወፍራም ቅባት እንቅስቃሴውን ያከብደዋል። ጥይቱ ለልምምድ የተሠራ ደካማ ጥይት ከሆነ ተንሸራታቹ ብረት ሙሉውን መንገድ ሳይሄድ ይመለሳል፤ ባዶው ቀለሃም መውጫው ላይ ተነክሶ ይቀራል። ተኳሹ አንጓውን ካላላ ሽጉጡ ሊጠቀምበት የሚገባውን ኃይል የተኳሹ ክንድ ይወስደዋል። ካዝናውም አለ፤ ከንፈሩ በጥቂቱ ከተጣመመ ወይም ሞላው ጥይቱን በጊዜ ካላነሣ እጅግ የተዋጣለት ሽጉጥ እንኳ ባዶ ብረት ይሆናል። ብዙ ሰው ሽጉጡን ሲወቅስ ጥፋተኛው ርካሹ የቆርቆሮ ሣጥን ሆኖ መገኘቱ ለባለሙያዎች እንግዳ ነገር አይደለም።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዳንዶቹ በተኳሹ እጅ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በገዢው ተቋም፤ የቀሩት በፋብሪካው። እንከን በታየ ቁጥር የሚነሣው ክርክርም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ሦስቱም ወገኖች ወደ ሌላው ጣት ለመቀሰር ሁልጊዜ በቂ ምክንያት ያገኛሉና።

የስድስት ሺህ ጥይት ትምህርት

እ.ኤ.አ በማርች 1911 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በጆን ብራውኒንግ የተነደፈውን የኮልት ሽጉጥና የሳቬጅ ኩባንያን ተወዳዳሪ ለመጨረሻ ፈተና አቀረበ። ከእያንዳንዱ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኮሰ። ከየ100 ጥይት በኋላ ሽጉጡ ለ5 ደቂቃ እንዲበርድ ተደረገ፤ ከየ1,000 ጥይት በኋላ ተጠርጎ ዘይት ተቀባ። ኮልቱ አንድም ጊዜ ሳይነክስ ፈተናውን ጨረሰ፤ ሳቬጁ 37 ጊዜ ተሰናከለ። በዚያው ወር ኮልቱ የጦሩ ሽጉጥ ሆነ፤ ከ70 ዓመታት በላይም አገለገለ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ክፍል የቀደመው ነው። የብራውኒንግ ንድፍ ባለፉት ዓመታት ፈተናዎች እንከን አሳይቶ ነበር፤ እየተመለሰ ተሻሻለ፤ እንደገና ቀረበ። በ1911 የታየው ንጹሕ ውጤት የተገኘው ከዚያ በፊት የታዩት እንከኖች ሳይሸሸጉ ተመዝግበው ስለታረሙ ነው። ገዢው ጦርም አልቸኮለም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአገሬው አባባል ለጦር መሣሪያ ግዢ የተባለ እስኪመስል ድረስ ይስማማዋል።

6,000 የሚለው ቁጥር ለምን አስፈለገ? በስታቲስቲክስ የታወቀ ቀላል ስሌት አለ። አንድ ሽጉጥ የተወሰነ ቁጥር ጥይት ሳይሰናከል ከተኮሰ፣ 3ን ለዚያ ቁጥር በማካፈል የእንከኑ መጠን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከምን እንደማይበልጥ ማወቅ ይቻላል። ለምሳሌ 50 ጥይት ያለ ችግር የተኮሰ ሽጉጥ ከ100 ጥይት በ6ቱ ሊነክስ እንደማይችል እንኳ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። 300 የተኮሰው ከ100 በ1 እንደማይበልጥ ያረጋግጣል። 6,000 የተኮሰው ከ2,000 በ1 እንደማይበልጥ ያሳያል።

ይህ ስሌት አንድ የማይመች እውነት ይገልጣል። ሁለት ካዝና ተኩሶ «ሽጉጤ አስተማማኝ ነው» የሚል ሰው ያወቀው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ፖሊስ ብቻውን፣ በራሱ ጥይት፣ የመሣሪያውን አስተማማኝነት ሊያረጋግጥ አይችልም። ሊያረጋግጥ የሚችለው ከመግዛቱ በፊት በብዛት የሚፈትንና ከገዛ በኋላ የሺህ ሽጉጦችን መዝገብ በአንድ ቦታ የሚይዝ ተቋም ብቻ ነው።

በረሃው ያጋለጠው ካዝና

እ.ኤ.አ በ1985 የአሜሪካ ጦር አሮጌውን ኮልት በጣሊያኑ ቤሬታ ለመተካት ወሰነ። አዲሱ ሽጉጥ ኤም 9 ተባለ። ብዙም ሳይቆይ በ1980ዎቹ መጨረሻ የአንዳንዶቹ ተንሸራታች ብረት በተኩስ ላይ እየተሰበረ የኋላው ቁራጭ ወደ ተኳሹ ፊት ተወረወረ፤ የባሕር ኃይል ልዩ ኃይል አባላትም ቆሰሉ። ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። አንዱ ወገን ከልክ በላይ ጉልበት ያለው ጥይት ነው አለ፤ ሌላው የብረቱን ጥራት ጠረጠረ። ክርክሩ ሳይቋጭም ፋብሪካው የመዶሻውን ማያያዣ ራስ አስፍቶ፣ ብረቱ ቢሰበር እንኳ ቁራጩ ወደ ኋላ እንዳይወጣ የሚያደርግ ማሻሻያ አበጀ። የተሻሻለው ሽጉጥ 92 ኤፍኤስ በሚል ስም በዓለም ዙሪያ ታወቀ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ አስተዋይነት አለ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ የወታደሩ ፊት መጠበቅ አልነበረበትም። በመጀመሪያ ሰውን ማዳን፣ ከዚያ ጥፋተኛውን መፈለግ፤ ብዙ የግዢ መሥሪያ ቤቶች ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው ይይዙታል።

ያው ሽጉጥ ከዓመታት በኋላ በኢራቅ በረሃ ሌላ ፈተና ገጠመው። ወታደሮች ጥይት ከካዝናው አልነሣ እያለ እንደሚያስቸግራቸው ተናገሩ። ምርመራው ያመለከተው ወደ ሽጉጡ አልነበረም። በጨረታ ከሌላ አቅራቢ የተገዙት ካዝናዎች በመንግሥት ዝርዝር መሠረት ሻካራ የፎስፌት ቅብ የተቀቡ ነበሩ፤ ደቃቁ የበረሃ አሸዋ በዚያ ሻካራ ግድግዳ ላይ እየተጣበቀ ጥይቱን ያስቆመዋል። መፍትሔው ልስልስ ያለ ቅብ ነበር። ዝርዝሩን የጻፈው ሰው በቢሮው ውስጥ ዝገትን ብቻ አስቦ ነበር፤ አሸዋውን ያሰበለት አልነበረም። መሣሪያ የሚፈተነው በሚያገለግልበት አፈር ላይ መሆን እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ለሶማሌና ለአፋር ቆላማ ምድርም ይህ ትምህርት የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ወድቆ የሚተኩስ ሽጉጥ

እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2017 የአሜሪካ ጦር ኤም 9ን ለመተካት የሲግ ሳወርን ሽጉጥ መረጠ። ውሉ እስከ 580 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር። ኤም 17 እና ኤም 18 የተባሉት ሽጉጦች መሠረታቸው ኩባንያው ለገበያ የሚሸጠው ፒ 320 ነው። በጦሩ ፈተና ላይ ሽጉጡ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታየ። ምክንያቱ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ሽጉጡ በኋላ በኩሉ መሬት ሲመታ አካሉ ይቆማል፤ ከባዱ ምላጭ ግን በራሱ ክብደት መንገዱን ይቀጥላል፤ ጣት የሳበው ያህልም ይሆናል። የምላጩን ክፍሎች በማቅለል እንከኑ ለጦሩ ታረመ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የፈተናና ግምገማ ቢሮ በጃንዋሪ 2018 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ይህንኑ በይፋ አሰፈረ።

በገበያ የተሸጠው ፒ 320 ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ2017 በጋ የውድቀት ሙከራዎች ለሕዝብ ታዩ፤ የዳላስ ከተማ ፖሊስ ሽጉጡን ከአገልግሎት አገደ፤ በኦገስት ወር ኩባንያው ሽጉጡ የአገሪቱን የደኅንነት መለኪያ እንደሚያሟላ እየገለጸ ለባለቤቶች ነጻ ማሻሻያ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ምላጩ ሳይነካ ተኩሷል የሚሉ ክሶች በተለያዩ ፍርድ ቤቶች ቀርበዋል፤ ኩባንያው ክሱን ያስተባብላል። የክሶቹን እውነት የሚለየው ፍርድ ቤት ነው። ከክሶቹ በፊት የነበረው ጥያቄ ግን ብያኔ አያስፈልገውም። በወታደሩ ፈተና የታየ አደጋ ያንኑ መሠረት የያዘ ሽጉጥ ለታጠቀው ፖሊስና ለግል ገዢው ሳይነገር የሚቆይበት አንድም ቀን ሊኖር አይገባም ነበር።

«መለኪያውን ያሟላል» የሚለው ምላሽም ሊመረመር ይገባዋል። መለኪያ ማለት አንድ ቀን ሰዎች ተቀምጠው ያሰቧቸው አደጋዎች ዝርዝር ነው። ሽጉጥ ከፖሊስ እጅ ሲወድቅ የመለኪያውን ማዕዘን መርጦ አይወድቅም።

ጥፋቱ የተኳሹ ነው?

እንከን በተነገረ ቁጥር የመጀመሪያው መልስ «አያያዝህ ነው» የሚል ነው። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ያው የ2018 ሪፖርት ከኤም 17 መሰናክሎች ብዙዎቹ የመጡት ተኳሾች በለመዱት አያያዝ አውራ ጣታቸውን በብረት ማቆሚያው ላይ ስለሚያሳርፉ እንደሆነ ይገልጻል። ጥይቱ ሲያልቅ ክፍት ሆኖ መቆም የሚገባው ሽጉጥ በዚህ ምክንያት ይዘጋ ነበር። ይሁን እንጂ ሪፖርቱ ሽጉጡ በተራው ጥይት ከልዩው ጥይት ይልቅ ብዙ ጊዜ እንደተሰናከለም ይናገራል። የተኳሹ ጥፋትና የመሣሪያው ጥፋት በአንድ ገጽ ላይ አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንደኛውን መናገር ሌላውን አያጠፋም።

የመሣሪያን ጥፋት በወታደር ላይ መደፍደፍ ምን እንደሚያስከፍል ግን የቬትናም ጦርነት አሳይቷል። ኤም 16 ጠመንጃ ወደ ጦር ሜዳ ሲላክ ብዙ ጽዳት አይፈልግም ተብሎ ነበር፤ የመጥረጊያ ዕቃም በበቂ አልተላከም። በመካከሉ የጥይቱ ባሩድ ዓይነት ተለወጠ፤ ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍልም በክሮም አልተለበጠም። ወታደሮች ጠመንጃቸው ቀለሃ እየነከሰ ሲቸገሩ መልሱ «አላጸዳችሁትም» የሚል ሆነ። በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ለችግሩ የመሣሪያ ፕሮግራሙን አመራር ተጠያቂ አደረገ። ጠመንጃው ተሻሽሎ ዛሬም ድረስ ዝርያው ያገለግላል። ከመታረሙ በፊት የሞቱት ግን አልተመለሱም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በጦር መሣሪያ ላይ ግን የሚደብቀው ሌላ፣ የሚታመመው ሌላ ነው።

«ይላመዳል» የሚባለው ምክንያት

አዲስ ሽጉጥ ሲነክስ በሻጮችና በልማደኛ ተኳሾች ዘንድ የሚሰማ ሌላ መልስ አለ፤ «200 ወይም 500 ጥይት ተኩስበት፣ ይላመዳል» የሚል። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት እንዳለ መካድ አይገባም። ሞላ ይላላል፤ ብረት ይለሰልሳል፤ ለውድድር ተብለው እጅግ ጠብቀው የተገጣጠሙ ሽጉጦች በርግጥም ጊዜ ይፈልጋሉ። ኢላማ ለሚመታ ስፖርተኛ የመጀመሪያዎቹ መሰናክሎች ከመሰላቸት በስተቀር ጉዳት የላቸውም።

ለጥበቃ የሚታጠቅ ሽጉጥ ግን በሌላ ሚዛን ይታያል። ማላመድ የሚያስፈልገው ከሆነ ያ ሥራ የፋብሪካው ነው፤ በገዢው ወጪና በገዢው ነፍስ ሊጠናቀቅ አይገባም። ለልምምድ የሚሰጠው ጥይት በፍሬ በሚቆጠርበት የፖሊስ ጣቢያ 500 ጥይት ማላመጃ ማለት ሽጉጡ ለዓመታት ሳይላመድ አገልግሎት ላይ ይቆያል ማለት ነው። «ይላመዳል» የሚለው ቃል ሌላም ጉዳት አለው፤ እውነተኛ እንከን የሚታይበትን ወቅት የሚጠበቅ ነገር አስመስሎ ማንም እንዳይመዘግበው ያደርጋል።

እንከናቸውን በግልጽ ያረሙ ፋብሪካዎች በዚህ ምክንያት አልተሸሸጉም። የኦስትሪያው ግሎክ እ.ኤ.አ በ2010 አራተኛ ትውልድ ሽጉጡን ካወጣ በኋላ አዲሱ የመመለሻ ሞላ በአንዳንዶቹ ላይ ቅሬታ አስነሣ፤ በ2011 ኩባንያው ሞላውን በነጻ ለወጠ። በአቡ ዳቢ የተመሠረተው ካራካል በ2013 በአሜሪካ ገበያ የሸጣቸውን ሽጉጦች ለደኅንነት ሲል መልሶ ጠራ። ለወጣት ኢንዱስትሪ ይህ መራራ ውሳኔ ነው። ቢሆንም የተሸጠን መሣሪያ መልሶ የሚጠራ ፋብሪካ ከማይጠራው ይልቅ እምነት ይገባዋል፤ ኩባንያው ከዚያ በኋላም ሽጉጥ መሥራቱን አላቆመም።

ምን ይደረግ?

በመንግሥት ደረጃ መፍትሔው በውሉ ውስጥ መጻፍ ይኖርበታል። ከእያንዳንዱ ጭነት በዘፈቀደ የተመረጡ ሽጉጦች ተቋሙ በሚጠቀምበት ጥይት፣ በአገሩ አቧራና ሙቀት ተፈትነው ካላለፉ ጭነቱ አይረከብም። ካዝናና ጥይት ከሽጉጡ ጋር እንደ አንድ ዕቃ ይፈተናሉ። አምራቹ በየትኛውም ገበያ ያወቀውን የደኅንነት እንከን በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ለገዢው የማሳወቅ ግዴታ ይገባል። የእነዚህ አንቀጾች ዋጋ ከአንድ ጭነት ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

በተቋም ደረጃ የሚያስፈልገው መዝገብ ነው። የሽጉጡ ቁጥር፣ የካዝናው ቁጥር፣ የጥይቱ ዓይነት፣ የተተኮሰው ብዛት፣ የተከሰተው መሰናክል። አንድ ሽጉጥ አንድ ጊዜ ቢነክስ ምንም አይናገርም፤ በ40 ጣቢያዎች 40 ሽጉጦች በተመሳሳይ መንገድ ቢነክሱ ግን ፋብሪካውን ለመጥራት በቂ ነው። ይህ መዝገብ የሚሞላው ግን ተናጋሪው የማይቀጣ ከሆነ ብቻ ነው። «መሣሪያ አበላሸህ» ተብሎ ደመወዙ እንዳይቆረጥ የሚፈራ ፖሊስ የነከሰውን ሽጉጥ ዝም ብሎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በማግስቱ ያው ሽጉጥ ለባልደረባው ይሰጣል።

በታጣቂው ደረጃም ግዴታ አለ። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ሕጎች፣ ማን መታጠቅ እንደሚችል ይወስናሉ። ፈቃድ ግን በእጅ ያለው መሣሪያ ይሠራ እንደሆነ ሊናገር አይችልም። አዲስ ሽጉጥ የተረከበ ሰው በመጀመሪያ መመሪያውን አንብቦ የማከማቻውን ቅባት ይጠርጋል፤ በተፈቀደለት ዘይት ይቀባዋል። በተኩስ ሜዳ፣ በአሠልጣኝ ፊት፣ ለሥራ በሚይዘው ጥይት ይፈትነዋል። ካዝናዎቹን በቁጥር ይለያል፤ መሰናክሉ ሁልጊዜ ከአንድ ካዝና ጋር ከመጣ የሚጣለው ካዝናው ነው። ሌላ ሰው ሲተኩስበት መሰናክሉ ከጠፋ ምርመራውን ከራሱ አንጓ ይጀምራል። ብረቱን በራሱ ሞርዶ ለማስተካከል መሞከር ግን የለበትም፤ ሞላ በቆረጠና ምላጭ ባቀለለ ቁጥር ፋብሪካው ከሚጠየቅበት ኃላፊነት ራሱን እያራቀ፣ አደጋውንም እያቀረበ ነው።

በኢትዮጵያ ገጠር ምንሽር ወይም ውጅግራ ከአባቱ የወረሰ ሰው የጠመንጃውን ጠባይ እንደ ፈረሱ ጠባይ ያውቀው ነበር። የትኛው ጥይት እንደሚስማማው፣ በዝናብ ቀን እንዴት እንደሚሆን፣ መቼ ዘይት እንደሚፈልግ ይናገር ነበር። ያ እውቀት በዓመታት የተሰበሰበ ነው፤ ብዙውም በእንከን የተገኘ ነበር። ከሣጥን የወጣ ሽጉጥ የሚያውቀው ሰው የለውም። እስኪታወቅ ድረስ የሚደርሰውን ጉዳት ማን ይሸከም የሚለውን ግን ገዢው መንግሥትና ሻጩ ፋብሪካ ከርክክቡ ቀን በፊት ሊወስኑት ይችላሉ። ያ ውሳኔ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ሸክሙ የሚወድቀው የጨረታውን ሰነድ ባላየው ፖሊስ ላይ ነው።